ከሩቅ ሆኖ ለሥራ የሚሆን ትንሽ ፎር ዊል መኪና መግዛት

ከሀገር ቤት «ለሥራ መኪና ያስፈልገኛል» የሚል ስልክ ሲደወል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ትልቁና ባለ ግርማው ነው። እኔም ለወንድሜ የመረጥኩለት እንዲያ ነበር። መኪናው ጥሩ ነበር፤ ነዳጁን የሚሞላው ግን እሱ ነው። በሦስተኛው ወር መኪናው ደጃፍ ላይ ቆሞ ወንድሜ በእግሩ ይሄድ ጀመር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ስለ ሞዴል ከመነጋገራችሁ በፊት መንገዱን እዩ። የሚነዳው ሰው የዕለት ጉዞውን፣ በተለይ ዝናብ ሲጥል የሚያስቸግረውን ቦታ፣ በስልኩ ቀርጾ ይላክላችሁ። ጠጠርና መጠነኛ ጭቃ ብቻ ከሆነ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚሄድ ቀላል መኪና ይበቃል፤ ባለ 1.3 ሊትር ሞተሩ የመጀመሪያው ዳይሃትሱ ቴሪዮስ እንዲህ ያለ ነው። ቀጥ ያለ ዳገት፣ ድንጋይ ወይም ወንዝ ካለ ግን ጉልበት የሚያበዛ ዝግተኛ ማርሽ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የምመርጠው ሱዙኪ ጂምኒን ነው። ሰውነቱ በሻንሲ፣ ማለትም ራሱን በቻለ የብረት አጽም፣ ላይ የተቀመጠ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ባለ 1.5 ሊትሩ 1,100 ኪሎ ገደማ ብቻ ይመዝናል፤ ከጭቃ የሚያወጣውም ይህ ቅለቱ ነው። ችግሩ የኋላ ወንበሩ ካልታጠፈ ዕቃ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። ዕቃ ለሚያመላልስ ሰው ነዳጅ ቢጨምርም ዝግተኛ ማርሽ ያለው የቀድሞው ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ (እ.ኤ.አ. ከ2022 በፊት የወጣው) ይሻለዋል። ነጂው ይህንንም ይወቅ፦ ጂምኒን በደረቅ አስፋልት ላይ በአራቱም ጎማ መንዳት የጥርስና የዘንግ ክፍሎቹን ይጎዳል።

አደራ የምለው ግን መኪናው ላይ በተለጠፈ የፎር ዊል ምልክት እንዳትታለሉ ነው። አንድ ዓይነት ሰውነት ያለው መኪና በሁለት ጎማ የሚሄድም ሆኖ ይሸጣል። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ይቅረጽላችሁ። ቶዮታ ራቭ ፎር ከሆነ የኋላውን ዲፈረንሻል፣ ማለትም ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ ፈልጉ፤ ባለ ሁለት ጎማው የሚሄደው በፊት ጎማ ነውና። የቀድሞው ግራንድ ቪታራ ወይም እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ የወጣ ቴሪዮስ ከሆነ ደግሞ የፊቱን ዲፈረንሻል ፈልጉ፤ የእነዚህ ባለ ሁለት ጎማ የሚሄደው በኋላ ጎማ ነው። አራቱም ጎማዎች በመጠንም በማለቅም ይመሳሰሉ፤ ካልተመሳሰሉ በአራቱም ጎማ የሚያስኬደው ክፍል ያለ ዕድሜው ያልቃል።

የነዳጁን ነገር ከሻጩ አፍ አትቀበሉ። ጋኑ ጢም ብሎ ይሞላ፤ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በዚያው በሥራው መንገድ ይነዳ፤ እንደገና ጢም ተደርጎ ይሞላ። የተነዳውን ኪሎ ሜትር ሁለተኛ ጊዜ በገባው ሊትር ስታካፍሉ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ እውነቱን ታገኛላችሁ። መካኒኩም ከሻጩ ጋር ትውውቅ የሌለው ይሁን።

ከውጭ ለማስገባት ካሰባችሁ የሀገሩን የማስገቢያ ሕግ መጀመሪያ አጣሩ፤ አሮጌ ወይም በነዳጅ የሚሠራ መኪና የሚከለክል አለ። እዚያው የምትገዙ ከሆነ ውክልናው ለመግዛትና በስማችሁ ለማዛወር ብቻ ይሁን፤ የመሸጥ ሥልጣን አትጨምሩበት። ገንዘቡ ከመተላለፉ በፊት ብረቱ ላይ የተቀረጸው የሻንሲ ቁጥርና ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ባልተቋረጠ ቪዲዮ ይታዩ። ለአራት ጎማና ለመጀመሪያው ሰርቪስ የሚሆነውንም ገንዘብ ከመግዣው ላይ ቀንሳችሁ አስቀምጡ።