ልጅ ከሞተባችሁ በኋላ ለሰፈር ልጆች መድረስ እንዴት ይጀመራል?

የመጀመሪያ ልጄ በሦስት ዓመቷ በሳንባ ምች ሞተችብኝ። ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት ላይ፣ ውርጩ በበረታበት ሰሞን። ሌሊት ትንፋሿ ሲፈጥን ጉንፋን መስሎኝ ነበር። ሊነጋ ሲል ስደነግጥ ለባጃጅ የሚሆን ብር እቤት የለም። ጎረቤት ሳንኳኳ የባከነችው ሰዓት ዛሬም ታንገበግበኛለች።

አሁን በእድራችን ለታመመ ሕፃን መሄጃ የሚሆን ገንዘብ አለ። እንዴት እንደጀመርነው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አልቅሱ። አርባው ይለፍ፣ ከዚያም በላይ ከሆነ ይሁን። እኔ በአርባዋ ማግስት ልሩጥ ብዬ አልጋ ላይ ወድቄአለሁ። እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካላችሁ፣ ወይም መኖር ካስጠላችሁ፣ ለቅርብ ሰው ንገሩና ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። በዚያች ቀን ምን ጎደለኝ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የእኔ የባጃጅ ብር ነበር። ሁሉን ልርዳ ያለ ሰው ቶሎ ይደክመዋል።

ብቻችሁን አትጀምሩት። የእድሩን ሰብሳቢ አስቀድማችሁ ለብቻ አናግሩ፣ ከዚያ በወሩ ስብሰባ ላይ አንሱት። እኔ ልናገር ተነስቼ ሳግ ያዘኝ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ እማማ ምንም ሳይሉ መቀነታቸውን ፈቱ፣ የታጠፈች 50 ብር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የጀመርነው በእሷ ነው። ለልጄ ሙት ዓመትም የንስሐ አባቴን አማክሬ ድግሱን አሳነስኩ፣ የተረፈውን ጨመርኩበት።

ደንቡ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው። ገንዘቡ ሌሊት ሲንኳኳ ደጁን በሚከፍት ሰው እጅ ይሁን። ዋስ አይጠየቅ። ብድርም አይሁን፤ ብድር ከሆነ ድሃ እናት እስኪነጋ ትጠብቃለች። የእድርተኛ ልጅ ነው አይደለም አይባል። ወጪው ግን በደብተር ይጻፍ፣ በየወሩም ይነበብ።

ብር ብቻውን አያድንም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ቡና ጥሩና እናቶቹን ታስተምር። እኛ የተማርነው ትንፋሽ መቁጠር ነው። ልጁ ሳያለቅስ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ፣ ስልክ እያያችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃተው፣ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ደቂቃ አትቆዩ። ያን ሌሊት ይህን ባውቅ ኖሮ እላለሁ፤ አሁን ለሌላዋ እናት እነግራታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። "ልብሷን ለተቸገረ ስጪ" የሚሉኝ አሉ። ሌላውን ሰጥቻለሁ፤ ቀይ ሹራቧን ግን አልሰጠሁም። ሣጥን ውስጥ ነው። እናንተም ያልቻላችሁትን አትስጡ።