በረንዳ ላይ አዲስ የጄራኒየም ዝርያ እንዴት ይወጣል?

ልደታ ኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ ጄራኒየም ማዳቀል ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ጄራኒየም የመረጥኩት ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ቶሎ ስለሚይዝ ነው። ከዘር የሚበቅሉት ልጆች መልካቸው ይለያያል። ከመሃላቸው አንድ ጥሩ ካገኛችሁ ግን እየቆረጣችሁ ያንኑ አንዱን ሺህ ታደርጉታላችሁ። አበባ አምራቾች የሚፈልጉትም እንዲህ ያለ ወጥ ነገር ነው።

ሁለት ወላጆች ምረጡ። እናቲቱ አምስት የአበባ ቅጠል ብቻ ያለው ነጠላ አበባ የምታወጣ ትሁን። ድርብ አበባ ለጀማሪ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። የጄራኒየም አበባ መጀመሪያ ወንድ ነው፣ ቆይቶ ሴት ይሆናል። እንደፈካ ብናኙን ይለቃል። ከቀናት በኋላ መሃል ላይ ያለችው ቀጭን ዘንግ ጫፏ አምስት ቦታ ተከፍሎ እንደ ኮከብ ይዘረጋል። ብናኝ የምትቀበለው ያኔ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ኮከቧን አየሁና የአባትየውን ብናኝ ቀባሁ። ለካ ከጎኗ ካለው አበባ ብናኝ ቀድሞ ደርሷት ኖሯል። 40 ችግኝ አሳደግሁ። ሲያብቡ የአባትየው ምልክት አንዳቸውም ላይ የለም። ስምንት ወር ልፋቴ ገደል ገባ።

ስለዚህ እንቡጡ ቀለም ይዞ ገና ሳይፈካ በወረንጦ ገለጥ አድርጉና ብናኝ የሚያወጡትን ወንዴዎች አንድ በአንድ ልቀሙ። በዘለላው ላይ የቀሩትን አበቦች ቁረጡ። ከአሮጌ ነጠላ በተቀደደ ጨርቅ ሸፍኑት፤ አየር ያስገባል፣ ንብ አያስገባም። የቅንድብ ወረንጦ አልወድም፤ ጫፉ ሰፊ ስለሆነ ዘንጓን ይሰብራል። ሹሉን ግዙ። ኮከቧ ስትዘረጋ፣ ጠዋት 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ፣ የአባትየውን ብናኝ ነካ አድርጉባት። ከያዘላችሁ የአበባው ቅጠሎች ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይረግፋሉ። እኔ እነሱ ሲረግፉ ደስ ይለኛል። የሁለቱን ወላጆች ስምና ቀኑን በእርሳስ ጽፋችሁ እሰሩበት፤ እስክሪብቶ በዝናብ ይጠፋል።

ከአንድ ወር ትንሽ አለፍ ሲል እንደ ሽመላ ምንቃር የረዘመው ፍሬ ቡናማ ይሆናል። ጨርቁን ቀድማችሁ አታንሱ፤ ዘሩ ተፈናጥሮ ይጠፋል። ቅርፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ አድርጋችሁ ዝሩት። መዝራቱንና ማጠጣቱን ታውቁታላችሁ።

ሲያብቡ ጨክኑ። ከመቶው ሁለት ሦስት ከቀረ ጥሩ ነው። ቀለም ብቻ አትዩ። ጫፉ ሳይቀነጠብ ራሱ ጥቅጥቅ የሚል፣ አጭር፣ ተቆርጦ ሲተከል ቶሎ ሥር የሚያወጣ ይሁን። ከዚያ ፖቱን ካርቶን ውስጥ ዘግታችሁ ሦስት ቀን አቆዩት። ለሽያጭ ሲጓጓዝ መኪና ላይ የሚገጥመው ይኸው ነው። ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ወይም አበባው ከረገፈ ጣሉት። ከበሰለ ሙዝ ጋር ግን አታስቀምጡት፤ የሙዙ ጋዝ ጤነኛውንም ያረግፈዋል።

የተረፈውን 20 ጊዜ ቆርጣችሁ ትከሉና አንድ ዓይነት መሆናቸውን እዩ። የሌላ ሰው የተመዘገበ ዝርያ እየቆረጡ ለመሸጥ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። የራሳችሁንም ሳታስመዘግቡ ገበያ አታውጡት፤ ለመመዝገብ አዲስ፣ ከሌላው የተለየ፣ ወጥና የማይለዋወጥ መሆን አለበት። እኔ አምራች ጋ ስሄድ አምስት ፖትና ከካርቶኑ በፊትና በኋላ የተነሳ ፎቶ ይዤ ነው።