«የደሴ ሰው ብርድ አይፈራም» እና ሌሎች የአላስካ መርከብ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ ትኬት እቆርጣለሁ፣ የቪዛ ፎርም እሞላለሁ። አሜሪካ፣ ሲያትል የሚኖሩ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ወላጆቻቸውን ሲጋብዙ አሁን አሁን የአላስካ መርከብ ጉዞ ይጨምሩበታል። መርከቦቹ ከሚያዝያ መጨረሻ አንስቶ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ ከዚያው ከሲያትል ይነሳሉ። ሰባት ቀን ገደማ ተጉዘው፣ ኬቺካን፣ ጁኖና ስካግዌይ በሚባሉ ከተሞች እየቆሙ ይመለሳሉ። ግብዣው ግሩም ነው። ግን ያው ስህተት በየዓመቱ ይደገማል፣ እኔም አፌ እስኪደርቅ እናገራለሁ። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የደሴን ብርድ መተማመን

«ልጄ፣ እኛ የጦሳ ተራራ ሥር ሰዎች ነን፤ ብርድ ልታስተምረን ነው?» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የታኅሣሥ ሌሊቷም አይቻልም። የደሴ ብርድ ግን ደረቅ ነው። ጠዋት ተኮራምታችሁ ትወጣላችሁ፣ አራት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ጀርባ ስትመታ ጋቢው ይወልቃል። የአላስካው እርጥብ ነው። የሙቀት መጠኑን ብቻ ብታዩ አያስፈራም፤ ጁኖ በሐምሌ ቀን ቀን 17 ዲግሪ አካባቢ ናት። የሚጎዳው ዝናቡና ነፋሱ ነው። ኬቺካን በዓመት ከ3,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድባታል፣ ከደሴ ወደ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። መርከቡ የበረዶ ግግሩ አጠገብ ሲደርስ ደግሞ ሰው ሁሉ ለማየት ወደ ላይኛው ወለል ይወጣል፤ ከበረዶው ላይ የሚመጣው ነፋስ የሚያገኛችሁ እዚያ ቆማችሁ ነው።

ጋቢ ለዚህ አይሆንም። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ገላ ላይ ይቀዘቅዛል። የደጋ እረኛ በክረምት ባና የሚደርበው ወዶ አይደለም፤ የበግ ፀጉር እርጥብ ሆኖም ያሞቃል። ከሥር ጥጥ ያልሆነ ስስ ልብስ፣ መሐል ላይ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ባለ ኮፍያ ጃኬት ይሁን። ሲሞቅ አንዱን ማውለቅ ነው። ከባድ ካፖርት አትያዙ፤ የሻንጣውን ግማሽ ይበላና ዝናቡን ጠጥቶ ካቢን ውስጥ ሳይደርቅ ይከርማል።

ጃኬቱን አዲስ ካልሆነ ብላችሁ ገንዘብ አታፍሱ። ሰልባጅ ተራ ጥሩ ጥሩ የዝናብ ጃኬት አይጠፋም። ስትገዙ ግን ከውሃ ላስቲካችሁ ትንሽ ትከሻው ላይ ጠብ አድርጉ። ውሃው እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ግዙት፤ ጨርቁ ከጠቆረ ተዉት። ስፌቱንም ገልብጣችሁ እዩ፤ ከውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ ከሌለ በመርፌው ቀዳዳ ውሃ ይገባል። ሻጩ ይቆጣል፣ ይቆጣ።

ነጠላና ሻሽ መርከብ ላይ ነፋስ ይጫወትበታል። ሂጃብ የምትለብሱም ብትሆኑ የጃኬቱ ኮፍያ ከላይ እንዲገባ አድርጋችሁ ልኩ። ጋቢውን ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ ማታ ካቢን ውስጥ ደስ ይላል።

ሰዓት

በዚህ ላይ ትዕግሥቴ አልቋል።

መርከቡ በየማታው ለነገ የሚሆን ወረቀት ካቢን ድረስ ይልካል፤ ወይም በስልክ መተግበሪያው ያሳያል። እዚያ ላይ ከሁሉም የሚበልጠው ቁጥር ሁሉም ሰው ተመልሶ መግባት ያለበት ሰዓት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው ግማሽ ሰዓት ቀደም ይላል። መርከቡ በራሱ ጊዜ ለወጣ መንገደኛ አይጠብቅም። ሦስት ሺህ ሰው አሳፍሮ ለሁለት ሰው አይቆምም።

እኛ ደግሞ ሁለት ሰዓት አለን። ልጆቹ አሜሪካ ቆይተው አንዱን ከአንዱ ይደባልቃሉ። ወላጆች የእጅ ሰዓታቸው በእኛ፣ ልጅ የገዛላቸው ስልክ በፈረንጅ ይቆጥራል። አንዲት የሆጤ ደንበኛዬ ከባለቤታቸው ጋር ስካግዌይ ላይ ወረዱ። ልጅቷ ሕፃን ስለያዘች መርከብ ውስጥ ቀረች። «አስር ተኩል ላይ ግቡ» ብላ መልእክት ጻፈች፤ በእኛ ቆጠራ፣ ማለትም በእነሱ 4:30። ወላጆች የሚያዩት ስልኩን ነው፤ ስልኩ 10:30 እስኪል ገና ስድስት ሰዓት አላቸው። ሻይ አዘው ተቀመጡ።

እዚህ ቢሆን ፀሐይዋ ታስጠነቅቃለች፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይመሻል፣ ሰውም ወደ ቤቱ ይገባል። ስካግዌይ ላይ በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰማዩን አይቶ «ኧረ መሽቷል» የሚል ሰው አልነበረም። ልጅቷ ስትደውል መግቢያው አልፏል። አባትየው ከዘራቸውን በብብታቸው ይዘው ሮጡ። መርከቡ ላይ ያለው ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ እያጨበጨበ ያያቸዋል፤ እንዲህ የሚሮጡትን ማየት እዚያ እንደ ትዕይንት ነው። መሰላሉ ሊነሳ ሲል ደረሱ።

ስለዚህ ሁለቱንም ጻፉ። በወረቀት፣ በትልቁ፣ በወላጆች ኪስ ውስጥ፦ «በእኛ 10:30፣ በስልኩ 4:30»። ደግሞ አላስካ ከሲያትል አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስልክ ራሱን ይቀይራል፣ የእጅ ሰዓት አይቀይርም። የሚሠራው መርከቡ የሚለው ሰዓት ብቻ ነው፤ ከመውረዳችሁ በፊት በሩ ላይ ካለው ሰዓት ጋር አመሳክሩ።

ጀበና፣ ከሰልና ዕጣን

መርከብ ላይ እሳት ቀልድ አይደለም። ከሰል፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ካውያ መሳፈሪያው ፍተሻ ላይ ይያዛሉ። ጀበናዋ ብቻዋን ብትገባ ምን ላይ ትጣዳለች? «አብሽር፣ ትንሽ ዕጣን ነው» ያሉኝ እናት ዕጣናቸው ሲያትል ወደብ ላይ ቀረ። ኮተቱንም ሁሉ ወደ መርከብ አታግዙ፤ ለዘመድ የያዛችሁት በርበሬና ሽሮ ልጃችሁ ቤት ይቆይ። ቋንጣ ግን ከደሴም አይነሳ። አሜሪካ ስትገቡ ሥጋ ነክ ነገር ይወሰዳል፤ ሳታስመዘግቡ ከተገኘ ደግሞ ቅጣት አለው።

ለልጅ የሚሆን ሽርሽር ለአባት መያዝ

ልጆቹ በገመድ መንሸራተትና ጀልባ መቅዘፍ ይይዛሉ። ከዚያ የሰባ ዓመት ሰው የራስ መከላከያ ቆብ አድርጎ ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል። እባካችሁ።

ስካግዌይ ላይ በጣም የሚሸጠው የባቡር ጉዞ ነው። በወርቅ ፍለጋው ዘመን፣ ከ1898 እስከ 1900 እ.ኤ.አ. የተሠራ ጠባብ ሐዲድ ነው፤ እስከ 873 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ጉልበት ለሚያማቸው ጥሩ ነው፣ ተቀምጠው ያያሉ። ግን ተራራና ገደል ያስደንቃቸዋል ብላችሁ ከሆነ አስቡበት። ደሴ ከዚያ ተራራ ጫፍ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ትረዝማለች። በደሴና በኮምቦልቻ መሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አንድ አባት ከባቡሩ ወርደው «መንገዱስ ደህና ነው፣ ገደሉ ግን ከእኛ ያንሳል» ነው ያሉኝ። አንዳንዱ የባቡር ጉዞ ካናዳ እንደሚገባም አትርሱ፤ ስትይዙ ጠይቁ።

ለእኛ ሰው የሚሆነው ሌላ ነው። ጁኖ አጠገብ 19 ኪሎ ሜትር ርቆ ሜንደንሆል የሚባል የበረዶ ግግር አለ። አውቶቡስ ያደርሳል፤ የተነጠፈ አጭር መንገድ ስላለው በከዘራም ይኬዳል። እዚያው ጁኖ በትናንሽ ጀልባ ወጥቶ ዓሣ ነባሪ ማየትም አለ። የፈረንጆቹን በጋ እዚያ ሲመገብ ይከርማል፣ ጅራቱን አንሥቶ ሲጠልቅ የኛ ሰው እጁን አፉ ላይ ይጭናል። ገንዘብ ካላችሁ እዚህ ላይ አውጡት።

የግል አስጎብኚ ይረክሳል። ችግሩ ብትዘገዩ ነው፤ መርከቡ የሚጠብቀው ራሱ የሸጠውን ጉዞ ነው። ጁኖ ደግሞ ከሌላ ከተማ ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም። መርከብ ያመለጠው ሰው በአውሮፕላን ወይም በሌላ መርከብ ነው ተከትሎ የሚሄደው፣ በራሱ ኪስ። በግል ከሄዳችሁ መግቢያው ሊደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ወደብ ተመለሱ። ስካግዌይ ላይ ግን አስጎብኚም አያስፈልግም፤ ከተማዋ በእግር ታልቃለች።

ካናዳን መርሳት

የሲያትሉ መርከብ አብዛኛውን ጊዜ ቪክቶሪያ፣ ካናዳ ይቆማል። 1886 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው ምክንያቱ፤ የውጭ አገር ባንዲራ ያለው መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ እዚያው ሲመለስ መሐል ላይ የውጭ ወደብ መርገጥ አለበት። ስለዚህ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው የካናዳ ቪዛ ያስፈልገዋል፣ ባይወርድም። የአሜሪካ ቪዛውም ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ ተመልከቱ። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ሳትከፍሉ በፊት የመርከብ ድርጅቱን ጠይቁ። ግሪን ካርድ ያላቸው የካናዳ ቪዛ አይጠየቁም፤ ግን ካርዱም ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርቱም በእጃቸው ይሁኑ። ትኬት ተቆርጦ ይህን የምነግረው ሰው ፊት አያምርም።

ጥቃቅኖቹ

ሐረጎ ላይ ፌስታል የሚጠይቅ ሰው የማቅለሽለሽ ክኒን ሳይዝ መርከብ አይሳፈር። የሲያትሉ መርከብ የተወሰነውን መንገድ ክፍት ባሕር ላይ ነው የሚሄደው።

መድኃኒት በእጅ ሻንጣ። ትልቁን ሻንጣ ወደብ ላይ ይቀበሏችሁና ካቢን የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው።

ፍልሰታ ላይ የምትሄዱ፣ ጉዞውን ስትይዙ «ቬጋን» ብላችሁ አስመዝግቡ፤ «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ ቺዝ ይመጣላችኋል። ሐላል የምትፈልጉም አስቀድማችሁ ነው፤ ገበታ ላይ ተቀምጦ መጠየቅ አይሠራም።

ተረከዝ ያለው ጫማ ቤት ይቅር።

ባይናኩላር ለእያንዳንዱ ሰው። አንዱን ለአራት ስትቀባበሉ ድቡ ጫካ ይገባል።

የመጨረሻው ማታ ሻንጣ

በመጨረሻው ምሽት ትልልቁን ሻንጣ ኮሪደር ላይ አውጡ ይባላል። ሌሊት ሰብስበው ያወርዱታል፣ ጠዋት ወደብ ላይ ትወስዱታላችሁ። ስለዚህ ለጠዋቱ የሚሆን ሙሉ ልብስና ጫማ ለይታችሁ አስቀሩ። የወላጆችን ደግሞ እናንተ ልጆች ካቢናቸው ገብታችሁ እዩ፣ በስልክ አትጠይቁ። አንድ የኮምቦልቻ አባት ጠንቃቃ ናቸው፤ ሁሉን አጣጥፈው፣ ሱሪያቸውን ጨምረው፣ ሻንጣውን ቆልፈው አወጡ። ጠዋት በፒጃማ ሱሪ ላይ ኮት ደርበው፣ ክራባታቸውን አስረው ወረዱ። የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ፓስፖርታቸውን አይቶ ቀና አለና «መልካም ቀን፣ ጌታዬ» አላቸው።