የአየርላንድን ገጠር በአንድ ቀን፦ ከደብሊን ወደ ዊክሎ ተራሮች በመኪና

አየርላንድ ካርታ ላይ ትንሽ ናት። ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። «ጠዋት ከደብሊን ተነስቼ በምዕራብ ጠረፍ ያሉትን የሞኸር ገደሎች አይቼ ማታ እመለሳለሁ» ይላል። መሄጃው ብቻ ግን 3 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቀኑ አውራ ጎዳና ላይ ያልቅና ገጠሩ በመስኮት ያልፋል።

ለአንድ ቀን እኔ የምመክረው ከደብሊን በስተደቡብ ያሉትን የዊክሎ ተራሮች ነው። ዙሩ በጠቅላላው 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አነሰ ብላችሁ ሌላ ነገር እንዳትጨምሩበት፣ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል።

ቀኑን መምረጥ

ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጁን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ዲሴምበር ላይ ግን ከቀኑ 10 ሰዓት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ይጨልማል። ተራራው ሐምራዊ አበባ የሚለብሰው ኦገስት ላይ ነው። ከቻላችሁ ከቅዳሜና እሑድ ውጪ ሂዱ።

ከሌላ አውሮፓ አገር የምትመጡ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። አየርላንድ ሼንገን በሚባለው፣ በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ ውስጥ የለችም። የሼንገን ቪዛ ስላላችሁ ብቻ ዘው ብላችሁ አትገቡም።

መኪናውን መልመድ

እዚያ የሚነዳው በግራ ነው፤ መሪው በቀኝ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ቁልፉን ይዤ በግራ በኩል ገብቼ ቁጭ አልኩና መሪውን ፈለግሁ። ማርሹን የምትቀይሩት በግራ እጅ ነው። ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ነዳጅ ግን ቦታቸው ያው ነው። አውቶማቲክ ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ እዘዙ፤ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ወደድ ይላል።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ የመንገዱ መሐል መስመር ሁልጊዜ በሾፌሩ በኩል ይሁን። አደባባይ ላይ ወደ ግራ ትገባላችሁ፤ ቅድሚያ የምትሰጡት ከቀኝ ለሚመጣው ነው። ሰው የሚሳሳተው ግርግር ውስጥ አይደለም። ቡና ጠጥቶ ሲወጣ፣ ጭር ባለ መንገድ ላይ ነው የድሮ ልማዱ የሚመጣበት።

መኪናውን ከአየር ማረፊያ ከተከራያችሁ በኤም 50 ቀለበት መንገድ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ክፍያ አለ። ኬላ የለም፤ ካሜራ ታርጋችሁን ያነሳል። እስከ ማግስቱ ምሽት 2 ሰዓት በኢንተርኔት ካልተከፈለ ቅጣት ይከተላል። አከራዩ ራሱ ይከፍል እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ።

ነዳጅ ከተማ ውስጥ ሙሉ። ተራራው ላይ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዱ። የዝናብ ጃኬት ያዙ፤ በፔርሙስ ሻይና ትንሽ ቆሎም አይጠላም።

ወደ ላይ

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። በደብሊን ደቡባዊ ዳርቻ ባለው ራትፋርናም በኩል አር 115 የሚባለውን መንገድ ይዛችሁ ውጡ። ቤቱ ሁሉ ድንገት ያልቅና ከኋላችሁ ደብሊን ከነባሕሯ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ከዚያ በኋላ ረግረግና ሰማይ ብቻ ነው። መንገዱ «ወታደራዊው መንገድ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1798 ያመፁት አየርላንዳውያን እዚህ ተራራ ውስጥ ይሸሸጉ ስለነበር፣ እንግሊዞች ጦር ለማስገባት ከ1800 እስከ 1809 የሠሩት ነው። መንደር ከመንደር ለማገናኘት ስላልተሠራ ባዶ ነው። ውበቱም ከዚሁ የመጣ ነው።

መንገዱ ጠባብ ነው። የተጻፈው ፍጥነት ጣሪያው እንጂ ግዴታ አይደለም፤ በ40 ቢሄዱም ነውር የለውም። ጀርባቸው ላይ ሰማያዊና ቀይ ቀለም የተቀቡ በጎች አስፋልቱ ላይ ተኝተው ታገኛላችሁ። ጥሩንባ አታሰሙ፣ ይነሳሉ። ከፊት መኪና ሲመጣ ሰፋ ያለች ቦታ ላይ ጥግ ያዙ። ያሳለፋችሁት ሰው እጁን ከመሪው ሳያነሳ አንዲት ጣቱን ቀና ያደርጋል። ሰላምታም ምስጋናም ናት፤ መልሱለት።

ሳሊ ጋፕ የሚባለው መስቀለኛ ላይ ስትደርሱ ቀጥታ አትሂዱ። ወደ ግራ ታጥፋችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ ሎክ ቴይ የሚባለው ሐይቅ ከታች ይታያል። ውኃው ጥቁር፣ ጫፉ ላይ ያለው አሸዋ ነጭ ነው። አረፋው ከላይ የተኛ የጊነስ፣ የጥቁሩ የአየርላንድ ቢራ፣ ብርጭቆ ይመስላል፤ ቦታውም ለረጅም ዘመን የጊነስ ቤተሰብ ይዞታ ነበር። የግል ይዞታ ስለሆነ አትውረዱ፣ ከላይ ነው የሚያምረው። ከዚያ ወደ መስቀለኛው ተመልሳችሁ ወደ ደቡብ ቀጥሉ። ግሌንማክናስ ፏፏቴ ጋ ቁሙ፤ ድንጋዩ ግን ያንሸራትታል።

ግሌንዳሎክ

ከፏፏቴው ስትወርዱ የምታገኙት ግሌንዳሎክ የጥንት ገዳም ያለበት ሸለቆ ነው፤ ለዚህ ቢያንስ 2 ሰዓት ተኩል መድቡ። ትርጉሙ «የሁለት ሐይቆች ሸለቆ» ነው። ገዳሙን በ6ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረተው ቅዱስ ኬቨን ነው። 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም ክብ የድንጋይ ግንብ ቆሟል፤ በሩ ከመሬት 3 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል፣ ያለ መሰላል አይገባም። እኔ ደብረ ዳሞ ነው ትዝ ያለኝ፤ እሱም የ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይባላል፣ መውጫውም በገመድ ነው።

ከግንቡ ወደ ላይኛው ሐይቅ ሜዳ ሜዳውን 25 ደቂቃ ያህል በእግር ነው። ስፒንክ የሚባለውን የገደል አፋፍ መንገድ ግን ዛሬ ተዉት፤ እሱን ከጀመራችሁ ቀኑ እዚያው አለቀ። ምሳ ላራ መንደር አለ።

መመለሻ

በመጣችሁበት አትመለሱ። በዊክሎ ጋፕ፣ አር 756ን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ተሻገሩ። ሆሊውድ የምትባለውን ትንሽ መንደር አልፋችሁ ብሌሲንግተን ሐይቅ ትደርሳላችሁ። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፤ ለመብራት ኃይል ሲባል የሊፊ ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ ነው። ከዚያ በኤን 81 ደብሊን ቅርብ ናት።

ጠዋት ተራራው በጭጋግ ከተሸፈነ ግን ዙሩን ገልብጡት። በኤን 11 ወጥታችሁ፣ በራውንድዉድ በኩል ቀጥታ ግሌንዳሎክ ግቡ፤ ገዳሙ በካፊያም ያምራል። ከሰዓት ከተገለጠ በግሌንማክናስ ወደ ሳሊ ጋፕ ትወጡና በዚያው ወደ ከተማ ትወርዳላችሁ።