የእቁብ ዕጣ በፓይተን
ከባቲ ገበያ መልስ ሰኞ ሰኞ ዕጣ የሚያወጡ የኮምቦልቻ ነጋዴዎች አሉ እንበል፤ እቁቡ 20 ዕጣ ነው። የተጠቀለለው ወረቀት ኮፍያ ውስጥ ይናጣል፣ አንዱ ይነሳል። ይህን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መሥራት ለጀማሪ ጥሩ ልምምድ ነው። ክፋቱ፣ ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም ቢሳሳትም አይጮህም። ስም ማውጣቱን ይቀጥላል፤ የወጣውን ስም አይቶ «ይሄ ስህተት ነው» የሚል አይገኝም።

መጀመሪያ ስሞቹን «አባላት» በሚባል ዝርዝር ያዙ። ፓይተን 3 የተለዋዋጭ (መረጃ የሚያዝበት መጠሪያ) ስም በፊደላችን ይቀበላል፤ ትእዛዞቹን ግን በላቲን ፊደል ትጽፋላችሁ። ሁለት ዕጣ የገባ ሰው ስሙ ሁለቴ ይጻፋል፤ ግማሽ ግማሽ የተካፈሉ ደግሞ «ሰይድና ከድጃ» ተብለው እንደ አንድ ይገባሉ። ወሎ ውስጥ ባንድ እቁብ ሁለት ሰይድ መሐመድ ቢገኝ አይደንቅምና የአያት ስም ጨምሩ።

ቀጥሎ ራንደም (random) የተባለውን ሞጁል፣ ማለትም የተዘጋጁ ትእዛዞች የያዘውን ፋይል፣ አስገቡ። የራሳችሁን ፋይል ግን በዚሁ ስም አትሰይሙት፤ ፓይተን ከዋናው ሞጁል ይልቅ የናንተን ፋይል ይከፍትና «እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም» ይላል።

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው ራንድኢንት (randint) ላይ ነው፤ በሁለት ቁጥሮች መካከል አንዱን በዕጣ የሚያወጣ የራንደም ትእዛዝ ነው። ዝርዝር የሚቆጠረው ከ0 ስለሆነ የ20 ዕጣ ቦታዎች ከ0 እስከ 19 ናቸው፤ ራንድኢንት ደግሞ ሁለቱንም ጫፎች ይጨምራል። ከ0 እስከ 20 ካላችሁት በአማካይ ከ21 ጊዜ አንዴ ይሰበራል፣ ማለትም ስህተት ብሎ ይቆማል፤ ስለዚህ ስትሞክሩት ደህና መስሎ ዕጣው ቀን ሊያሳፍራችሁ ይችላል። ከ1 እስከ 19 ማለት ግን ይብሳል፦ ምንም ሳይሰበር የመጀመሪያው ሰው ዕድሜ ልኩን አይወጣለትም። ቁጥሩን ተዉትና ከዝርዝር አንዱን ለሚያነሳው ቾይስ (choice) ለሚባል ትእዛዝ ዝርዝሩን በሙሉ ስጡት።

ቾይስ ግን ያነሳውን ወረቀት ወደ ኮፍያው ይመልሳል። እንዲሁ ከተተወ፣ በ6 ሳምንት ውስጥ አንድ ዕጣ የመደገሙ ዕድል ከግማሽ ያልፋል፣ 56 በመቶ ገደማ ነው። የወጣውን ሪሙቭ (remove) በሚባለው ትእዛዝ ከዝርዝሩ አስወግዱ። ሪሙቭ የሚያጠፋው መጀመሪያ ያገኘውን አንዱን ብቻ ስለሆነ ሁለት ዕጣ ያለው ሰው ሁለተኛው ይቀርለታል። የቀሩትን ስሞች ፋይል ላይ ማስቀመጥ አትርሱ፤ አለዚያ በሚቀጥለው ሰኞ ፕሮግራሙ ሲከፈት የበላውም ያልበላውም እኩል ይገባል።

ለፍተሻ፣ የሚያስወግደውን መስመር አጥፍታችሁ 20,000 ጊዜ አስወጡና እያንዳንዱ ዕጣ ስንቴ እንደወጣ ቁጠሩ። 1,000 አካባቢ መሆን አለበት፤ አብዛኞቹ ከ940 እስከ 1,060 ውስጥ ይወድቃሉ፣ አንድ ሁለቱ ቢያፈነግጡ አትደንግጡ። ሁሉም ልክ 1,000 ከመጣ ግን ቆጠራችሁን ጠርጥሩ። 0 ያገኘ ካለ የጫፍ ስህተት ነው።

ራንደም የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1998 ማትሱሞቶና ኒሺሙራ ባሳተሙት መርሰን ትዊስተር በሚባል ቁጥር የማፍለቂያ ስሌት ነው፤ ይህ ደግሞ ሒሳብ እንጂ ዕድል አይደለም። ሲድ (seed) በሚባለው ትእዛዝ መነሻ ቁጥር ከሰጣችሁት ሁልጊዜ ያንኑ ቅደም ተከተል ይደግማል። ስህተት ለማደን ግሩም ነው፤ ዕጣው ላይ ረስታችሁ ከተዋችሁት ግን ኮዱን ያየ ሰው የሚቀጥለውን ባለዕጣ አስቀድሞ ያውቃል። ሲድን አጥፉ፤ ገንዘብ ስላለበት በራንደሙ ቾይስ ፈንታ ሲክሬትስ (secrets) ከሚባለው ሞጁል ያለውን ቾይስ ተጠቀሙ።

ዳኛውና ጸሐፊው «ኮምፒዩተሩ ያደላል» የሚል ሐሜት ከፈሩ ሌላ መንገድ አለ። እያንዳንዱ አባል አንድ ቁጥር በወረቀት ይጽፋል፣ ሁሉም እኩል ይገለጣል፣ ድምሩ ለራንደም ሲድ ይሆናል። የተጠራጠረ ቤቱ ሄዶ ያንኑ ኮድ ቢያስኬደው ያንኑ ስም ያገኛል፤ የፓይተኑ ስሪትና የስሞቹ ቅደም ተከተል አንድ ይሁን እንጂ። ቁጥሩ በቃል እየዞረ ከተጠራ ግን አይሆንም፦ መጨረሻ የሚናገረው ሰው ላፕቶፕ ከያዘ፣ ለራሱ የሚወጣለትን ቁጥር ፈልጎ ይጠራል።