ቁልቁለቱን በማርሽ

ግራ ስፖኪዮ ለማየት ዓይኔን ወርወር ሳደርግ ጭንቅላቴ ውስጥ ኮረንቲ ይነዝረኛል። ወደ ቀኙ ስመልስ እንደገና ይነዝረኛል። ዓይኔን አስፋልቱ ላይ ተክዬ ከቆየሁ ምንም የለም። የድባቴ መድኃኒት ሲቀነስ ከሚመጡት ነገሮች እኔን አጥብቆ የያዘኝ ይሄ ነው። ሥራዬ ደግሞ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ መንዳት ነው። ስፖኪዮ ሳያይ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር ካለ እኔ አልሳፈርለትም።

ሰርትራሊን የሚባለውን የድባቴ መድኃኒት 100 ሚሊግራም ለሦስት ዓመት ወስጃለሁ። ከዚያ ወርዶ ለማቆም 17 ወር ፈጀብኝ። ከዚያ በፊት ግን በአንድ ቀን አቁሜው አውቃለሁ። ወድጄ አይደለም።

በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እናቴን፣ ሚስቴንና ልጆቼን ጭኜ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ከቤት ስንወጣ ያሰብነው ብርድ ልብስና ዱቄት ነው፤ ኪኒኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ማዞር ጀመረኝ። ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ ሌሊት ደግሞ ከእውነት የበለጠ ጥርት ያለ ቅዠት። በትንሹም በትልቁም ዕንባዬ ይመጣል። የስደቱ ድንጋጤ ነው ብለን ሁላችንም ተስማማን፤ እናቴ ዱዓ አደረገችልኝ። በስምንተኛው ቀን ለልጄ የሳል ሽሮፕ ልገዛ መድኃኒት ቤት ገብቼ ባንኮኒውን ደገፍ ስል ፋርማሲስቷ አየችኝ።

«ወንድሜ፣ የምትወስደው መድኃኒት ነበር እንዴ?»

ነገርኳት።

«ካቆምክ ስንት ቀንህ ነው?»

«ስምንት።»

እንደኛ አገር ሰው «አብሽር» አላለችኝም፤ «በሽታ እንዳይመስልህ፣ ስለተቋረጠብህ ነው» ብላ ሐኪም ጋ ላከችኝ። እንደገና ጀምሬ በሁለት ቀን ቀለለኝ።

ያ ሁለት ቀን ብዙ ነገር አስተማረኝ። መድኃኒት የሚቀንስ ሰው ትልቁ ፍርሃት «በሽታዬ ተመለሰ» የሚለው ነው። ሁለቱን ለመለየት እኔ የምጠቀምበት መንገድ ይሄ ነው። ድባቴ ሲመለስ እንደ ደሴ ጉም ነው፣ ሳይታወቅ በሳምንታትና በወራት ይወርዳል። የመቀነስ ሕመም ግን መጠኑ በወረደ በጥቂት ቀን ውስጥ ዱብ ይላል። ድባቴ የማያውቀውን ነገርም ይዞ ይመጣል፦ ኮረንቲውን፣ ማዞሩን፣ ጉንፋን ጉንፋን ማለቱን። ድባቴ አልጋ ላይ በጣለኝ ጊዜ አንድም ቀን ኮረንቲ ነዝሮኝ አያውቅም። የቀድሞው መጠን ሲመለስ ደግሞ ቶሎ ይለቃል። ፍሎክሰቲን የሚባለውን ሌላውን የድባቴ መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ግን የቀን ቆጠራዬን እንዳለ አትውሰዱት፤ እሱ ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅ ሕመሙም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። በዚያው ምክንያት ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ይቀላል። ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን የሚባሉት ደግሞ ሲቀነሱ በአስቸጋሪነታቸው የታወቁ ናቸው።

«ሱስ አስይዞህ ነዋ!» የሚሉኝ ነበሩ፣ በተለይ መናኸሪያ። ሱስ ቢሆን መጠኑን ጨምር ጨምር ይለኝ ነበር፤ እኔን ብሎኝ አያውቅም። ሰውነት ከመድኃኒቱ ጋር ለዓመታት ሲኖር ራሱን በዚያ ልክ ያስተካክላል። ድንገት ስትነሱበት ይንገዳገዳል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሐኪም ጋ ሂዱ። ይሄን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው። እኔን የምትከታተለኝ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ከዳንክ ስንት ጊዜ ሆነህ?» ብላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ከዳነ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር መቀጠል አለበት፤ ተመላልሶ የያዘው ደግሞ ሁለት ዓመትም ከዚያም በላይ ሊባል ይችላል። ለጭንቀትም ጭምር የምትወስዱት ከሆነ ንገሯት።

ጊዜ ምረጡ። ልጅ ሊወለድ ሲል፣ ቤት ስትቀይሩ፣ ሐዘን ላይ እያላችሁ አትቀንሱ። የ2016 ረመዳን መጋቢት ላይ ሲገባ እኔ 37.5 ሚሊግራም ላይ ነበርኩ፤ ወሩን ሙሉ ንቅንቅ ሳልል ጾምኩ። ኪኒኑን ግን ከጠዋት ወደ ማፍጠሪያ አዞርኩት፣ ያውም ሐኪሟን ጠይቄ። አንዴ ማፍጠሪያ ካላችሁ ሁልጊዜ ማፍጠሪያ ይሁን፤ ዛሬ በማፍጠሪያ ነገ በስሑር እያላችሁ ሰውነታችሁን አታደናግሩት።

ሌላው፣ የምትቀንሱበትን ኪኒን አስቀድማችሁ ግዙ። መድኃኒት ከገበያ የሚጠፋበት አገር ነው ያለነው። የሁለት ወሩ በእጄ ሳይኖር ቀንሼ አላውቅም፤ ከደብረ ብርሃን በኋላ ኪኒኔ ከመንጃ ፈቃዴ ጋር ነው የሚያድረው።

አወራረዱ

መስከረም 2016 ከ100 ወደ 75 ወረድኩ። ኅዳር ወደ 50፣ ጥር ወደ 37.5፣ ሚያዝያ ወደ 25፣ ሰኔ ወደ 12.5። ይሄ የእኔ ነው፤ የእናንተን ሐኪማችሁ ታውጣ።

የላይኛው በጣም ቀሎኝ ነበር። ከ100 ወደ 50 ስወርድ ሁለት ቀን ራስ ምታት፣ ሦስት ቀን መነጫነጭ፣ አለቀ። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ጠገብኩ። «ይቺ ሩብ ፍርፋሪ ምን ታደርጋለች?» ብዬ 12.5ን ሳላማክር ጣልኳት። በአራተኛው ቀን ሐረጎ ላይ፣ ከኋላዬ 12 ሰው ይዤ፣ ግራ ስፖኪዮ ሳይ ያ ኮረንቲ ሲነዝረኝ መንገዱ ራሱ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ረዳቴ ጎማ የፈነዳ መስሎት ዘሎ ወርዶ ዞረ። ሌላ ሹፌር ተጠርቶ ሰዎቹን አደረሰ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የቦርከናን ወንዝ ቁልቁል ሳይ ዋልኩ።

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። ወረቀት ላይ አንድ መስመር ሣለችልኝ፤ ከላይ ሜዳ ነው፣ ወደ ታች ሲቀርብ ገደል። ሚሊግራሙ እኩል ቢቀነስም ጭንቅላት ውስጥ የሚፈጠረው ለውጥ እኩል አይደለም አለችኝ። ከ100 ወደ 75 ሲወረድ መድኃኒቱ የያዘው ቦታ ብዙም አይነካም፤ ከ12.5 ወደ ባዶ ግን ትልቅ ዝላይ ነው። ማርክ ሆሮዊትዝና ዴቪድ ቴይለር የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት ሳይካትሪ በሚባለው መጽሔት ላይ አውጥተው የብዙ ሐኪም አሠራር እንደቀየረ ነገረችኝ። ሆሮዊትዝ ራሱ መድኃኒቱን ሊያቆም ሲል የተሰቃየ ሰው ነው። ይሄን ስሰማ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ።

ለእኔ የገባኝ በመንገዱ ነው። ሐረጎን በፍሬን አይወረድም፤ ፍሬኑ ይግልና በሚያስፈልጋችሁ ኩርባ ላይ ይከዳችኋል። በትንሽ ማርሽ ነው የሚወረደው፣ ዳገቱን የወጣችሁበት ማርሽ ላይ። ገደሉ የሚጀምረው 25 ላይ ከሆነ ማርሹም መቀነስ ያለበት እዚያ ነው። ወደ 12.5 መለሰችኝ፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ቆየሁ። ጥቅምት 2017 ወደ 6 ገደማ ወረድኩ፤ አራት ወር እዚያው ኖርኩ። የካቲት ላይ አቆምኩ። ዘጠኝ ቀን ቀለል ያለ ማዞር ነበረው። ከ6 በታችም በጥቂት በጥቂቱ መውረድ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ፤ ያ በምላጭ የሚሆን ስላልሆነ ፋርማሲስት ይጠየቅ።

ስለ አቆራረጡ ከተነሳ፦ የእኔ ባለ 50 ኪኒን ወገቡ ላይ መስመር አለው፣ በጣት ይሰበራል። ሩቡን በአዲስ ምላጭ፣ ነጭ ሰሃን ላይ፤ ነጭ ያልኩት ፍርፋሪው በሌላው ላይ ስለማይታይ አይደለም፣ ቤታችን ያለው እሱ ስለሆነ ነው። የሳምንቱን በአንድ ቀን አትቁረጡ፣ የነገውን ብቻ። አንዱ ሩብ ከሌላው ትንሽ ቢበልጥ አትጨነቁ፣ ሌላኛውን በማግሥቱ ትወስዱታላችሁ። ቀስ እያለ እንዲለቀቅ የተሠራ ዓይነት ከሆነ ግን ፈጽሞ አይቆረጥም፣ አይፈጭም። አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለል የሚባለውን ደግሞ ሞክሬዋለሁ፤ ሰርትራሊን በአንድ ቀን ገደማ ግማሹ ከሰውነት ስለሚወጣ፣ አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ በየሁለት ቀኑ አዲስ ሕመም መጥራት ነው።

ቀኑን ማሳለፍ

የምቀንሰው ሐሙስ ነበር። በእኔ ላይ የሚብሰው ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ስለሆነ ከቅዳሜ ጀምሮ መኪናውን ለተለዋጭ ሹፌር እሰጥ ነበር። ገቢው ቀንሷል፣ አልዋሽም፤ ለዚያም ነው በሁለት ወር አንዴ እንጂ በየወሩ ያልቀነስኩት። ባጃጅ የምትነዱ፣ መሰላል ላይ የምትሠሩ፣ ፋብሪካ ማሽን ላይ የምትቆሙ እንደዚሁ አስቡበት። ኮረንቲው ሲመጣ ዓይንን ብቻ ከማዞር አንገትን ጭምር ቀስ አድርጎ ማዞር ለእኔ ረድቶኛል። በራሱ ያስፈራል እንጂ ጉዳት የሚያደርስ ነገር እንዳልሆነ ተነግሮኛል፤ ጉዳት የሚያደርሰው መሪ ላይ ሆኖ ሲመጣ ነው።

ጫት። እንግዲህ ሹፌር ነኝ፣ የወሎ ልጅ ነኝ፣ የከሰዓቱን በርጫ አውቀዋለሁ። እንቅልፍ በሌለበት ሰሞን ጫት መቃም እሳት ላይ ጋዝ ነው፤ ልብ ይመታል፣ ሌሊቱ ይረዝማል፣ ማግሥቱ ድብርት ነው። ግን ጫቱንና ኪኒኑን በአንድ ሳምንት አትተዉ። የቱ እንዳመማችሁ አታውቁም። እኔ ጫቱን ቀድሜ፣ ኪኒኑን መቀነስ ከመጀመሬ ከአምስት ወር በፊት ተውኩ። ቡና ከአቦል አላልፍም ነበር፣ እሱም ከቀትር በፊት፤ እናቴ በረካ ሳልጠጣ ስነሳ እስከ ዛሬ ትቀየመኛለች።

ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይበቃል። ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ በመናኸሪያ እንደ ከረሜላ የሚዞር ነገር ነው፤ ከዚህ መድኃኒት ጋር እስከ መንቀጥቀጥና መንዘፍዘፍ ሊያደርስ ስለሚችል አትንኩት። ለማቅለሽለሹ ዝንጅብል ሻይና ትንሽ ትንሽ ምግብ፣ ሆድ ባዶ አይደር። ጠዋት በእግር መሄድ ጥሩ ነው፤ ከዚህ በላይ የምጨምርበት የለኝም።

የሚከብደው ቁጣው ነው። በአምስት ብር መልስ ረዳቴ ላይ የጮህኩበት ቀን አለ፤ በዕድሜ የወንድሜን ልጅ ያህላል። ከዚያ በኋላ ለሚስቴ፣ ለእናቴና ለእሱ የቀነስኩበትን ቀን መንገር ጀመርኩ። የትኬት ሒሳብ የምይዝበት ደብተር ጀርባ ላይ በየማታው አንድ መስመር እጽፋለሁ፦ መጠን፣ እንቅልፍ፣ ኮረንቲ ስንት ጊዜ። ሚስቴ ደግሞ ከሥሩ የራሷን ትጽፋለች። እኔ «ደህና» ባልኩበት ቀን እሷ «ልጁን ገላመጠው» ብላ ጽፋ አገኛለሁ። ሐኪሟ የምታምነው የእሷን ነው።

ጎረቤታችን እትዬ «ኪኒኑን ጥለህ ጠበል ግባ» ብለውኛል፣ እኔ እስላም መሆኔን እያወቁ፣ ከፍቅር። ጠበል የምትገቡ ግቡ፣ ዱዓ የምታስደርጉ አስደርጉ፤ ኪኒኗ ግን ኪስ ውስጥ ትኑር።

ሐኪም ጋ በዚያው ቀን የሚኬድበት አለ፦ ራስን የመጉዳት ወይም የመሞት ሐሳብ ከመጣ፣ ለተከታታይ ሌሊቶች ፈጽሞ እንቅልፍ ከጠፋ፣ መቀመጥ እስኪያቅት እረፍት ከነሳ፣ ወይም ያለወትሮ እንቅልፍ ሳያስፈልጋችሁ ደስታና ወሬ ከበዛባችሁ። ሌሊት ከሆነ ድንገተኛ ክፍል። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ብቻችሁንም አትደሩ። ለሚስቴ አስቀድሜ «እምቢ ብልም ውሰጂኝ» ብያታለሁ፤ አላስፈለገም፣ ግን ብያታለሁ።

ካቆምኩ በኋላ አንድ ፓኬት ከግማሽ ተረፈ። ረዳቴ ሰሞኑን እንቅልፍ እንቢ ብሎታል፣ ምግብም አይበላም፣ በር ላይ ቆሞ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» የሚለው ድምፁ ራሱ ቀጥኗል። «ጋሼ፣ ያቺ የተረፈችህን ስጠኝና ልሞክራት» አለኝ። አልሰጠሁትም፤ የተረፈውን ለመድኃኒት ቤቱ መለስኩ። ሰኞ ጠዋት አንድ ቢያጆ አስቀርተን ሐኪሟ ጋ አብረን ሄድን። እሱ ገባ፣ እኔ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።