ያገለገለ ካይት ከሌላ ባር ጋር እንዴት ይገጠማል?

የካይት ሰርፊንግ (በነፋስ በሚበርር ካይት እየተጎተቱ በሰሌዳ ውሃ ላይ መንሸራተት) ዕቃ ውድ ስለሆነ፣ ዱባይ ካይት ቢችም ይሁን በእስራኤል ከነታንያ በስተሰሜን ባለው የቤት ያናይ ባሕር ዳርቻ፣ ካይቱን ከአንዱ ባሩን (ካይቱ በገመዶች የሚመራበትን እጀታ) ከሌላው የሚገዛ አይጠፋም። አራት ገመድ ያለው ባር አራት ማሰሪያ ያለው ካይት ላይ መታሰሩ አይቀርም፤ ነፋስ ካገኘም ይነሳል። በዚህ ተደስቶ ውሃ መግባት ግን ጥሩ አይደለም። ባሩ ለካይቱ ተስማማ የሚባለው፣ መልቀቂያው (በአደጋ ጊዜ ሰውን ከካይቱ ጉተታ የሚያላቅቀው መሣሪያ) ሲገፋ ካይቱ ጉልበቱን አጥቶ ሲወድቅ ነው። እዚህ የምንናገረው ጠርዛቸው በአየር ስለሚነፋ ካይቶች ነው። ጨርቅ ብቻ የሆኑት ፎይል ካይቶች የራሳቸው አሠራር ስላላቸው አምራቹ ካዘዘው ባር ውጭ ባይሞከሩ ይሻላል።

መጀመሪያ ካይቱን ይለዩ

ካይቱን ነፍተው የፊት ጠርዙን ይዩ። ከጠርዙ የተለያዩ ቦታዎች ተነስተው ወደ አንድ የሚሰበሰቡ ቀጫጭን ገመዶች (ብራይድል) ካሉት ቦው፣ ዴልታ ወይም ሃይብሪድ ነው። የፊት ገመዶቹ (ከባሩ መሃል የሚነሱት ሁለቱ፤ ከባሩ ጫፎች የሚነሱት የኋላ ይባላሉ) በቀጥታ የክንፎቹ ጫፍ አካባቢ የሚታሰሩ ከሆነ ሲ-ካይት ነው። ጠርዙ መሃል ላይ የአምስተኛ ገመድ ማሰሪያ ካለው፣ አምራቹ በአራትም ይበርራል ካላለ በቀር ባለ አራት ገመድ ባር አይሆነውም። አምስተኛው ገመድ ለደህንነት ብቻ አይደለም፤ በብዙዎቹ ላይ ጠርዙ ቅርፁን እንዲይዝም ይደግፋል።

ቦው ካይት በ2005 ገበያ ላይ ሲወጣ ዋናው አዲስ ነገሩ ባሩን ወደ ላይ በመግፋት ብቻ ጉልበቱን ከሞላ ጎደል ማጥፋት መቻሉ ነበር። ለዚህ ደግሞ ባሩ የሚንሸራተትበት መንገድ ረጅም መሆን አለበት። ለድሮ ሲ-ካይት የተሠራ ባር ቦው ላይ ከታሰረ፣ ባሩ መጨረሻው ድረስ ተገፍቶም ካይቱ መጎተቱን አይተውም። ይህ መንገዱ እጅ እስኪዘረጋ የሚደርስ ባር ይምረጡ።

የባሩ ስፋት ቀላሉ ጉዳይ ነው። ከ5 እስከ 8 ካሬ ሜትር ላለው ካይት ከ42 እስከ 46 ሳንቲሜትር፣ ለመካከለኛው እስከ 50 አካባቢ፣ ከ12 በላይ ለሆነው 52 እና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ትንሽ ካይት ላይ ሰፊ ባር ከገባ በትንሽ እንቅስቃሴ ይቅበዘበዛል፤ ትልቅ ካይት ላይ ጠባብ ባር ከገባ መዞር ይሰንፋል። ጫፉ ተገልብጦ 45ም 52ም የሚሆን ባር ከተገኘ ለሁለት ሦስት ካይት ይበቃል። የገመዱ ርዝመት ከ20 እስከ 24 ሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ደህና ነው።

ገመዶቹን እኩል ማድረግ

የአራቱንም ገመድ ጫፍ አንድ ጠንካራ ምሰሶ ላይ ያስሩ። ትሪሙን (የፊት ገመዶችን የሚያሳጥርና የሚያስረዝም ማስተካከያ) ሙሉ ጉልበት ላይ ያድርጉ፣ ቺክን ሉፑን (ባሩ ከሰውነት ጋር የሚያያዝበትን ቀለበት) የሃርነሱ (የወገብ መታጠቂያው) መንጠቆ ውስጥ ያስገቡ፣ ባሩን እስከ ሆድዎ ስበው ወደ ኋላ ዘንበል ይበሉ። አራቱም እኩል መወጠር፣ ባሩም ቀጥ ማለት አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጉድለት የፊት ገመዶች መርዘም ነው። አብዛኛውን ጭነት የሚሸከሙት እነሱ ስለሆኑ ከጊዜ ብዛት ይለጠጣሉ፤ የኋላዎቹ ሳይነኩ አጠሩ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ካይት ባሩ ሲሳብ ይታነቅና በጀርባው ወደ ታች ይወርዳል፤ ነፋስ ሲቀንስማ ይብሳል። መፍትሔው የኋላ ገመዱን በካይቱ ማሰሪያ ላይ ካሉት ቋጠሮዎች ከካይቱ ወደሚርቀው ማዛወር ነው። በአንጻሩ ባሩ ተስቦም ካይቱ ካልዞረና ጉልበት ካልሰጠ የኋላዎቹ ረዝመዋል፤ ወደ ቅርቡ ቋጠሮ ይመልሱ። ግራና ቀኙ በሁለት ሳንቲሜትር እንኳ ከተለያዩ ካይቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

ብዙ አምራቾች ገመድ እንዳይምታታ የፊት ማሰሪያውን በቋጠሮ የኋላውን በቀለበት፣ ወይም በተቃራኒው ይሠራሉ። ባሩና ካይቱ የተለያየ ብራንድ ሲሆኑ ቋጠሮ ከቋጠሮ፣ ቀለበት ከቀለበት ሊገጥም ይችላል። አጭር ማገናኛ ገመድ ይሸጣል፤ ግን በሁለቱም ወገን እኩል ርዝመት ያለው ይጨመር፣ ከዚያም ልኬቱ እንደገና ይታይ። የመጠላለፍ መከላከያው አሁን ስለጠፋ፣ ከማስነሳት በፊት እያንዳንዱን ገመድ በጣት እየተከተሉ እስከ ባሩ ይሂዱ። የባሩ ቀይ ጫፍ በግራ እጅ ነው።

መልቀቂያው

በዛሬዎቹ አብዛኞቹ ባለ አራት ገመድ ባሮች መልቀቂያው ሲገፋ ቺክን ሉፑ ይከፈታል፤ ሰውየው በሊሹ (ሃርነሱን ከባሩ የደህንነት ገመድ ጋር በሚያያይዘው ማሰሪያ) በኩል በአንድ የፊት ገመድ ብቻ ይቀራል። ባሩ በዚያ ገመድ ላይ ወደ ካይቱ ይሸሻል፣ ሦስቱ ገመዶች ይላላሉ፣ ካይቱ እንደ ባንዲራ እየተርገበገበ ይወድቃል። ይህ የሚሆነው ባሩ ቢያንስ የካይቱን የክንፍ ስፋት ያህል መሸሽ ሲችል ነው። 12 ካሬ ሜትር ካይት ተዘርግቶ 7.5 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ 17 ካሬ ከ9 ሜትር ያልፋል። ባሩ ሦስት አራት ሜትር ሄዶ ማቆሚያ ኳስ ላይ ወይም ሁለቱ የፊት ገመዶች በሚለያዩበት ቋጠሮ ላይ ከቆመ ካይቱ በግማሽ ቅርፁ ይቀርና እየተሽከረከረ መጎተቱን ይቀጥላል። ለ7 ካሬ የሚበቃ ባር ለ14 ላይበቃ የሚችለው በዚህ ነው።

ፈተናው ካይት አይፈልግም። ገመዶቹ ምሰሶው ላይ እንደታሰሩ ሊሹን በባሩ የደህንነት ገመድ ቀለበት ላይ ያያይዙ፣ ሰውነትዎን ጥለው ይንጠልጠሉ፣ በአንድ እጅ መልቀቂያውን ይግፉ። ወዲያው መከፈት አለበት። ወደ ኋላ እንዳይወድቁ አንድ እግር ይደግፉ። ከዚያ የተወጠሩትን ይቁጠሩ፦ አንድ ብቻ ከሆነ ደህና ነው፤ ሁለት ከሆኑ ሊሹ ያለ ቦታው ታስሯል ወይም የደህንነት ገመዱ የሆነ ቦታ ተይዟል። ቀጥሎ ባሩን በእጅ ወደ ምሰሶው ይግፉትና የሄደበትን በሜትር ይለኩ።

ሊሹን ቺክን ሉፑ ላይ የሚያስሩ ሰዎች ይታያሉ። ከመንጠቆ ወጥተው ዝላይ ለሚሠሩ ልምድ ላላቸው የሚመች አስተሳሰር ነው፤ ለሌላው ሰው ግን አደጋ ነው፤ ምክንያቱም መልቀቂያው ቢከፈትም ካይቱ በሁለቱም የፊት ገመድ ተይዞ ይቀራል። ሊሹ ራሱም በሃርነሱ በኩል የራሱ መልቀቂያ ሊኖረው ይገባል፤ ካይቱ ከሌላ ሰው ገመድ ጋር ከተጠላለፈ የመጨረሻው መውጫ እሱ ነው።

ባሩ ሲገዛ አይኤስኦ 21853 የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ በ2020 የወጣ የካይት መልቀቂያ መስፈርት ነው። ምልክቱ የሌለውና ያረጀ ከሆነ፣ ለብዙ ባሮች ቺክን ሉፑን ከነመልቀቂያው ለብቻው ገዝቶ መቀየር ይቻላል። አሸዋ የገባበት መልቀቂያ አልከፈት ይላል። ከባሕር በኋላ በንጹሕ ውሃ እየከፈቱና እየዘጉ ይጠቡት፤ ዘይት አሸዋ ስለሚይዝ አይቀቡት። በባሩ መሃል ቀዳዳ የሚያልፈው ገመድ ልባሱ ተልጦ ውስጡ ከታየ ካይቱ ከመነሳቱ በፊት ይቀየር።